ከመቻቻል የሚቀድመው፦ ላመኑበት መቆም በከሚሴ ዙሪያና በወሎ መንዙማ

ስለ ወሎ የሚጻፈው ጽሑፍና የሚደረገው የመድረክ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምስጋና ይጀምራል፤ ወሎ የመቻቻል አገር ነው ይባላል። ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማቾች በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያድሩ፣ ለሠርግም ለለቅሶም ሁለት ዓይነት ሥጋ ታርዶ ሁለት ድግስ እንደሚሰናዳ፣ የራሱ ስም የክርስቲያን የአያቱ የሙስሊም የሆነ ሰው በየሰፈሩ እንደማይጠፋ ይነገራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የማልስማማው ቀጥሎ በሚመጣው ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው ነገሩን ከሕዝቡ ጠባይ ያመጣዋል፤ ወሎዬ ልቡ ገር፣ አንደበቱ ለስላሳ፣ ፍቅር የሚያሸንፈው ስለሆነ ተቻችሎ ይኖራል ይለናል። ለማስረጃም ዜማው ይጠራል፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ባቲ፣ ሌላው አምባሰል መባሉ ይነሣል። ባቲ ዛሬ የምትገኘው ከሚሴን ዋና ከተማው ባደረገው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሚሴና አካባቢዋም የዚህ ምስጋና ተካፋይ ሆነው ኖረዋል።

ምስጋናውን ለመንጠቅ አልተነሣሁም። መሠረቱ የተሳሳተ ቦታ ስለተፈለገ ግን ልከራከር እወዳለሁ። ወሎ ውስጥ መቻቻል የምንለው ምግባር የቆመው በሌላ ምግባር ጫንቃ ላይ ነው፤ ይኸውም ሰው ላመነበት ነገር ዋጋ ከፍሎ መቆሙ ነው። ይህ መሠረት ሲዘነጋ መቻቻል ወደ ዝምታ፣ ይቅርታ ወደ ማድበስበስ፣ ሽምግልናም ወደ ባዶ ሥነ ሥርዓት ይወርዳል። ይህን ለማሳየት ሦስት ነገሮችን እመረምራለሁ፤ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ያዘዘው የአፄ ዮሐንስ የቦሩ ሜዳ አዋጅ የወለደውን ምላሽ፣ ከዚያ ዘመን ጋር የተሳሰረውን የሙስሊሞች መንፈሳዊ ዜማ የመንዙማን ጥበብ፣ እና በከሚሴ ዙሪያ እስከ ዘመናችን የዘለቀውን የሸኮች ችሎት። ከሦስቱ በመንዙማው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ብዙ የተወደሰ፣ ጥቂት የተመረመረ እሱ ነውና።

ሁለቱ ድፍረቶች

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊ ሐያሲ ሳሙኤል ጆንሰን፣ ድፍረት የሌለው ሰው ሌሎቹን ምግባሮቹን ጠብቆ ለማቆየት ዋስትና የለውም ብሎ ነበር። አባባሉን በኑሮ መፈተን አይከብድም። ሐቀኛ ሰው ሐቀኝነቱ ዋጋ እስኪያስከፍለው ድረስ ብቻ ሐቀኛ ከሆነ፣ ሐቀኝነቱ በጥሩ ቀን የሚታይ ልማድ ነው። ርኅሩኅ ሰው ርኅራኄው ከወገኖቹ ጋር ሲያጣላው የሚያቆመው ከሆነ፣ የራራው ወገኖቹ ለፈቀዱለት ሰው ብቻ ነው። ፍትሕ፣ ታማኝነት፣ ይቅርታ፣ ለጋስነት፣ ሁሉም አንድ ቀን ከፍርሃት ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በዚያ ቀን የሚያቆማቸው የራሳቸው ጉልበት አይደለም።

እኛ ግን ድፍረትን ስናወድስ ዓይናችን ያለው ጦር ሜዳ ላይ ነው። ፉከራችን፣ ቀረርቷችን፣ ሽለላችን የሚዘክሩት ጥይት ያልፈራውን ነው። ጥይት አለመፍራት ትልቅ ነገር ነው፤ አገር ያቆየውም እሱ ነው። ነገር ግን ጥይት የማይፈራ ሰው የአጎቱን ልጆች ኩርፊያ ሊፈራ ይችላል። ምሽግ የሰበረ ሰው በመንደሩ ሸንጎ ላይ «ይህ የኛ ጥፋት ነው» ማለት ሊያቅተው ይችላል። የመጀመሪያው ድፍረት ከወገን ጋር ሆኖ በጠላት ፊት መቆም ነው፤ ጭብጨባው ከኋላ ይሰማል። ሁለተኛው ብቻን ሆኖ አንዳንዴም በገዛ ወገን ፊት መቆም ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የታሪካችንም የሥነ ጽሑፋችንም ሰፊ ጉድለት ነው።

የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ታሪክ ለዚህ ልዩነት ጥሩ ማሳያ ነው። ከቦሩ ሜዳ በኋላ ክርስትና ተነሥተው፣ አፄ ዮሐንስን የክርስትና አባት አድርገው፣ ራስ ሚካኤል ተባሉ። ደሴን መናገሻቸው አደረጉ፤ በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ ዘመቱ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ በ1909 ዓ.ም. ለልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ዙፋን ሰገሌ ላይ ተዋግተው ተማረኩ። የጦር ሜዳ ድፍረታቸውን የሚጠራጠር የለም። ሃይማኖታቸውን ሲለውጡ በልባቸው የነበረውን መመርመርም የሐያሲ ሥራ አይደለም። እኔ የማነሣው የአተራረካችንን ጉዳይ ነው፤ የአዋጁን ዘመን ስንተርክ ሥልጣናቸውን ጠብቀው ያለፉትን መሳፍንት በየምዕራፉ በስም እንጠራለን፤ አንቀበልም ያሉትን ግን «ዐመፅ ተነሣ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እናልፋቸዋለን።

ከአዋጁ በኋላ

የ1870 ዓ.ም. ግንቦት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የታወቀ ስለሆነ ዝርዝሩን አልደግምም። ለዚህ ክርክር የሚያስፈልገው ጉባኤው በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰዎችን መፈተኑ ነው። ከክርስቲያኑ ወገን የጸጋ ልደትን ትምህርት የያዙ ሊቃውንት ተረትተው ትምህርታቸውን እንዲተዉ ተገደዱ። ሙስሊሞች ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ፣ ሹመት ያላቸውም ካልተጠመቁ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ። አንድነትን በአዋጅ ማምጣት ይቻላል ብሎ ያመነ መንግሥት፣ ሰው በልቡ የያዘውን የሚለውጥበት መሣሪያ እንደሌለው ያወቀው ቆይቶ ነው።

የወሎ ሙስሊም ምላሽ ሦስት መልክ ነበረው። አንዱ ሃይማኖትን ለውጦ በሥልጣን መቆየት ነበር። ሁለተኛው በአደባባይ ተጠምቆ በቤት እንደ ቀድሞው መኖር ነበር። ካፑቺናዊው ሚስዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያ፣ ተጠምቀው ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ሰዎች ጥምቀቱን ለማፍረስ በቀጥታ ወደ መስጊድ እንደሚሄዱ ጽፏል። ሦስተኛው አሻፈረኝ ማለት ነበር፤ ከአገር መሰደድም በመሣሪያ መቋቋምም በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ስለ ሁለተኛው ምላሽ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ቸኩሎ የተሰጠ ነው። ግማሹ «ግብዝነት» ይለዋል፤ ሌላው «የወሎ ብልሃት» ብሎ ያሞግሰዋል። ሁለቱም የናቁት ነገር አለ። በሥውር እምነትን መጠበቅ ከፍርሃት የሚለየው ቤት ውስጥ በሚሆነው ነው። አባት በአደባባይ አንገቱን ደፍቶ በቤቱም ዝም ካለ አዋጁ ተሳክቷል፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚደበቅ እምነት አይቀርም። በሌሊት ልጁን ቀስቅሶ ካስተማረ ግን፣ የልጅ አፍ ነገር እንደማይቋጥር እያወቀ፣ ራሱንም ቤተሰቡንም ለአደጋ አጋልጧል። እኔ ይህን ድፍረት ከብዙ የጦር ሜዳ ጀብዱ አስበልጠዋለሁ። የሚመሰክርለት የለም፤ የሚሾም የሚሸለምበት የለም፤ ቢሳካ እንኳ የሚታየው ልጁ አድጎ ያልጠፋ ነገር ይዞ ሲገኝ ብቻ ነው። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወድቀው በምኒልክ ዘመን የሃይማኖቱ ጫና ሲላላ፣ እስልምና በወሎ ጸንቶ የተገኘው መሣሪያ ባነሡት ብርታት ብቻ አልነበረም። በነዚህ ስማቸው ባልተጻፈ አባቶችና እናቶች ጭምር ነው።

ሦስተኛው ምላሽ ከአንድ ሰው ስም ጋር ይነሣል፤ ከሸህ ጦልሃ ጀዕፈር። በ1845 ዓ.ም. ገደማ ተወልደው በ1928 ዓ.ም. ገደማ ያረፉት እኒህ ዓሊም (የእስልምና ሊቅ) የግዳጁን ጥምቀት በመቃወም በወሎ ምሥራቃዊ ክፍል የተነሣውን ትግል መርተዋል። ሕይወታቸውን በጥንቃቄ ያጠኑት በ2001 ዓ.ም. ያረፉት የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ናቸው፤ ስለ ሸሁ የጻፉት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ወጥቷል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ያዘጋጁት መጽሐፍም ዘመኑን ለሚያጠና ሁሉ መነሻ ሆኗል። ሸህ ጦልሃ በሕዝብ አፍ የቆዩት ግን ባነሡት መሣሪያ ብቻ አይደለም። በመንዙማቸው ነው።

የመንዙማው ጥበብ

መንዙማ ዛሬ በሁለት መንገድ ይነበባል። በአንድ በኩል ንጹሕ ውዳሴ ተደርጎ ይታያል፤ ለአላህ ምስጋና፣ ለነቢዩ ሰላዋት፣ ለወልዮች ሙገሳ። በሌላ በኩል ደግሞ «ባህላዊ ሙዚቃ» ይባልና ዜማው ብቻ ይደመጣል። ሁለቱም ንባብ የመንዙማን ትልቁን ሥራ ይዘነጋል። የወሎ መንዙማ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው፤ ያውም መድረሳ ሊገባ የማይችለውን፣ ዐረብኛ የማያውቀውን፣ በእርሻና በእረኝነት የሚውለውን ሰው ለማስተማር የተበጀ። የወሎ ዓሊሞች በዐረብኛ መግጠም አላቃታቸውም። በአማርኛና በኦሮምኛ የገጠሙት ያመኑበትን ነገር ለሊቃውንት ብቻ ይዘው መቅረት ስላልፈለጉ ነው። ኢጣሊያዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የሙስሊሞችን የአማርኛ ግጥም ሰብስቦ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ አሰፋ ማሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወሎን መንዙማ ዐበይት ባሕርያት የመረመረበትን የማስተርስ ጥናት ያቀረበው በ1979 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለ። ይህ ክፍተት ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ አጻጻፋችን ብዙ ይናገራል፤ ቅኔ ቤቱን በጥልቀት አጥንተን መንዙማ የሚባልበትን ጉባኤ፣ ሐድራውን፣ ደጁ ላይ ትተነዋል።

ሁለት ቴክኒካዊ ነገሮችን ቀርበን እንያቸው። የመጀመሪያው ጽሕፈቱ ነው። የወሎ ዓሊሞች አማርኛውን የጻፉት በዐረብኛ ፊደል፣ አጀሚ በሚባለው ስልት ነው። ዐረብኛ ለገ፣ ለጨ፣ ለኘ፣ ለቸ፣ ለዠ የራሱ ሆሄ የለውም፤ ጸሐፊው ቅርብ ያለውን ሆሄ ይዋሳል ወይም ነጥብ ይጨምራል። ከሆሄው ይልቅ የሚከብደው አናባቢው ነው። አማርኛ ሰባት አናባቢ ሲኖረው ዐረብኛ ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ የሚባሉ ሦስት ምልክቶች ነው ያሉት፤ በአጭርና በረጅም ቢለዩም ሰባቱን አንድ ባንድ አይሸፍኑም። በአንጻሩ ፊደላችን የማያሳየውን ጥብቀት አጀሚው በሸድዳ ምልክቱ ማሳየት ይችላል፤ እኛ «አለ» ብለን ስንጽፍ መናገሩ ይሁን መኖሩ ከዐውዱ ካልሆነ አይለይም፤ ሸድዳ የተደረገበት አጀሚ ግን ይለየዋል።

ይህን ጽሕፈት ብዙዎች እንደ ጎዶሎ ሥርዓት ያዩታል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። አናባቢው ሙሉ ለሙሉ ያልተጻፈ ግጥም ግጥሙን አስቀድሞ በጆሮው ላልሰማ ሰው አይነበብም። ወረቀቱን ያገኘ ሁሉ ግጥሙን አገኘ ማለት አይደለም፤ አፍ ለአፍ የሚያስተላልፍ መምህር ያስፈልገዋል። ስለዚህ የአጀሚ መንዙማ ጽሑፉን ከሰው ጋር ይቋጥረዋል። በስደትና በግዳጅ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይገባል። ወረቀቱ ቢቃጠል ሰውየው አለ። ወረቀቱ ብቻውን ግን ያለ ሰው ድዳ ነው። ትምህርቱን በሕይወት ለማቆየት አንድ ሰው በአፉ ሊይዘውና ሊያስተላልፈው ግድ ይላል፤ በአፉ የያዘ ሰው ደግሞ «የኔ አይደለም» ብሎ ሊክደው አይችልም። ከሚሴ አቅራቢያ ካለው፣ የአርጎባዎቹ የድንጋይ ቤቶች በተራራው ላይ ከተደረደሩበት ከሾንኬ ጀምሮ፣ በቃሉ አካባቢ እስካለው እስከ ጌታ ድረስ የወሎ የእውቀት ማዕከሎች የሚቆጠሩት በሕንጻ ወይም በመጻሕፍት ብዛት ሳይሆን በመምህር መሆኑ ከዚህ ጋር ይሄዳል። የሾንኬ ስም ከሸህ ጀውሀር፣ የጌታ ስም ከሐጅ ቡሽራ ተለይቶ አይነሣም።

ሁለተኛው ቴክኒክ የአውራጅና የተቀባይ ሥርዓት ነው። በሐድራ ላይ ድቤው ይመታል፤ አውራጁ አዝማቹን ያወጣል፤ ተቀባዩ ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ክፍፍል ብዙም አልተተነተነም። ተቀባዩ በየጊዜው የሚመልሰው ያንኑ የታወቀውን አዝማች ነው። አዲሱን ስንኝ ሁሉ ብቻውን የሚያወጣው አውራጁ ነው። የሚያስተምረው፣ የሚገሥጸው፣ የዘመኑን ግፍ የሚያነሣው በአውራጁ አፍ የሚወጣው ስንኝ ነው፤ አዝማቹ ምስጋና ሆኖ ይቀጥላል። አውራጁ በየስንኙ ለጥቂት ቅጽበት ብቻውን ይሆናል። ያንን ስንኝ ጉባኤው ላይወደው ይችላል፤ ሹም ከሩቅ ይሰማው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በአዝማቹ ይከበዋል፤ የብቻው የነበረው ቃል የሁሉም ይሆናል። ይህ የመንዙማ ቅርጽ፣ ላመኑበት የመቆም ድፍረት እንዴት ወደ ማኅበር ምግባር እንደሚሸጋገር ከብዙ የሥነ ምግባር መጽሐፍ አጥርቶ ያሳያል። ማኅበሩ ብቻውን አዲስ ነገር አይናገርም፤ አንድ ሰው ብቻውንም ማኅበር አይሆንም። አስቀድሞ ግን አንዱ ብቻውን አፉን መክፈት አለበት።

በዚህ መለኪያ ዛሬ በየሱቁና በየስልኩ የሚሰማው የተቀዳ መንዙማ ላይ ያለኝ ቅሬታ ትልቅ ነው። አዝማቹ ረዝሟል፤ የአውራጁ ስንኝ አጥሯል። የድምፅ መሣሪያው አውራጁን ከተቀባዩ ጋር አደባልቆ አንድ ለስላሳ ድምፅ አድርጎታል። ግሣጼው ተነሥቶ ሙገሳው ቀርቷል። አድማጭ ይደሰታል፤ የሚያስደነግጠው፣ ቤቱ ገብቶ የሚያስበው ስንኝ ግን አያገኝም። የወሎን መንዙማ ወደ ጣፋጭ ድምፅ ብቻ ማውረድ ወሎን ራሱን ወደ ገር ጠባይ ከማውረድ ጋር አንድ ዓይነት ስሕተት ነው፤ ሁለቱም የሚጠቀሙበት መንገድ አንድ ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍለውን ቆርጦ ማስቀረት።

የሸኮች ችሎት

ከሚሴ ዙሪያ ያለው ሕዝብ ላመኑበት የመቆምን ጥያቄ በሌላ ተቋም መልሶታል። ተመራማሪዋ ሜሮን ዘለቀ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በሚገኘው በተሩ ሲና አውሊያ ደጅ ስለሚካሄደው የሸኮች ችሎት እ.ኤ.አ. በ2010 ጥናት አሳትማለች፤ በ2015ም ስለ ቦታው በሰፊው የተመለከተ መጽሐፍ አውጥታለች። ችሎቱ ከትዳር ጠብ ጀምሮ እስከ ነፍስ ግድያ ያለውን ይመለከታል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀርብበታል። ስለዚህም ስለ ችሎቱ የሚነሣው ውዳሴ ከወሎ መቻቻል ውዳሴ ጋር ወዲያው ይያያዛል፤ ሁለት ሃይማኖት በአንድ አውሊያ ደጅ መገኘቱ ይደነቃል።

እኔን የሚደንቀኝ ሌላ ነው። በመደበኛው ፍርድ ቤት የደም ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በምስክር ማጣት ነው። ያየ አላየሁም ይላል። ዘመድ ዘመዱን ይሸሽጋል፤ ጎረቤት ነገ አብሮት ከሚኖረው ሰው ጋር ላለመቀያየም አፉን ይይዛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብሎ ያደገ ሰው ዝምታውን እንደ ጨዋነት ይቆጥረዋል። አገሪቱ በ2003 ዓ.ም. የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ማውጣቷ ችግሩ የአንድ አካባቢ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። በሸኮቹ ፊት ግን ያው ሰው ይናገራል፤ ያጠፋውም «እኔ ነኝ» ይላል። በደም ጉዳይ ካሳ ከመቆረጡ፣ ዱዓ ከመደረጉ፣ ሁለቱ ወገን አንድ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ጥፋቱ መታመን አለበት። ያልታመነ ጥፋት ይቅር አይባልም፤ ይቅር የሚባል ነገር የለማ። እርቁ፣ ካሳው፣ ምርቃቱ ሁሉ የተንጠለጠለው አንድ ሰው ራሱን የሚጎዳ እውነት ጮክ ብሎ በሚናገርባት ቅጽበት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሊሸሽም አይገባም። ሰዎቹ የሚናገሩት የሸኮቹን እርግማን ስለሚፈሩ ነው ይባላል። በአውሊያው ደጅ የዋሸ በልጁ፣ በከብቱ፣ በአዝመራው ይያዛል የሚል እምነት ባይኖር ችሎቱ አይሠራም ነበር። ታዲያ ይህ ፍርሃት እንጂ ድፍረት ነው? ተቃውሞው ድፍረትን ከፍርሃት ነጻ መሆን አድርጎ ያስባል። እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ የትም የለም። ሰው ሁሉ ይፈራል፤ የሚለያየው ምንን ከምን አስበልጦ እንደሚፈራ ነው። ወንድሙ የገደለውን ሰው ጉዳይ እያወቀ ዝም ያለ ሰው የወንድሙን ቁጣ ከአላህ ቁጣ አስበልጦ ፈርቷል። ሸኮቹ ፊት የተናገረ ሰው ቅደም ተከተሉን አስተካክሏል። ላመኑበት መቆም ማለትም ይኸው ነው፤ ፍርሃቶችን በየደረጃቸው ማስቀመጥ፣ ትልቁን ፈርቶ ትንሹን መናቅ። ሸህ ጦልሃም ንጉሥ አልፈራም ሲሉ ምንም አልፈራም ማለታቸው አልነበረም።

ይህ ማለት ችሎቱ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በ34ኛው አንቀጽ ለሃይማኖትና ለባህል ዳኝነት ቦታ የሰጠው ተከራካሪዎች በፈቀዱባቸው የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች ነው፤ የወንጀል ጉዳይ በዚህ ውስጥ አልገባም። ግድያን በእርቅ ብቻ መጨረስም ተጠያቂነትን ሊያደበዝዝ ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የችሎቱ ኃይል በእምነት ላይ ማረፉ ነው፤ እርግማንን የማይፈራ ትውልድ ሲመጣ ያንን ፍርሃት የሚተካ ኅሊና ካልተገነባ ደጁ ባዶ ይቀራል። ሆኖም ከመድረክ ሽምግልናዎቻችን ጋር ሲነጻጸር የሸኮች ችሎት አንድ ብልጫ አለው፤ ሰውን ስለ ሌላው ጥፋት ከመጠየቁ በፊት ስለ ራሱ ያስጠይቀዋል።

የመድረክ ሽምግልና

በ2011 ዓ.ም. እና በ2013 ዓ.ም. በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በሰሜን ሸዋ አዋሳኝ፣ በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ ዙሪያ የተነሣውን ግጭት አንባቢ ያውቀዋል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ አብዛኛው ክፍሏ ነደደ። ሰዎች በሁለቱም ወገን ሞቱ፤ ተፈናቀሉ። በሰንበቴ ገበያ ጎን ለጎን ቆሞ ሲሸምት የኖረ ሰው ጎረቤቱን በወገን መለየት ጀመረ። ከዚያም የሰላም ጉባኤዎች ተጠሩ፤ የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች መድረክ ላይ ተቀመጡ።

የነዚህ ጉባኤዎች ንግግር አንድ ቅርጽ አለው። ሕዝብና ሕዝብ አልተጣላም፤ አብሮ የኖረ፣ የተጋባ፣ የተዋለደ ነው፤ ጥፋቱን ያመጡት ሌሎች ናቸው፤ እንደ ቀድሞው እንኑር። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ብቻውን ሲታይ እውነት ሊሆን ይችላል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ማንም ስለ ራሱ ወገን አንዲት ቃል ሳይመሰክር ስብሰባው ያልቃል። በአንዱ ወገን የተቀመጠ ሽማግሌ ተነሥቶ «ከኛ ልጆች ይህን ያደረጉ አሉ፤ እናውቃቸዋለን» ካላለ፣ በሌላውም ወገን ያለው እንዲሁ ካላለ፣ መጨባበጡ ምን ላይ እንደቆመ አላውቅም። መሣሪያ ይዞ ሞትን ያልፈራ ወጣት በሁለቱም በኩል ብዙ ነው። ለወገኑ «ተው፣ ይህ ግፍ ነው» ያለው ግን ስንት ነው? ይህን ጥያቄ የማነሣው በቁጣ ነው፤ ቁጣዬም በወጣቶቹ ላይ አይደለም። የወሎን መቻቻል ያወረሱን አባቶች ያስተማሩት ዝምታን አስመስለው ባቀረቡላቸው ላይ ነው፤ ከነሱም መካከል እኛ ጸሐፊዎች አለንበት።

ወሎ ለዚህ የሚሆን ቅርስ አጥቶ አያውቅም። ንጉሥ ያዘዘውን ያልተቀበለ ዓሊም ነበረው። በአዋጅ ዘመን ልጁን በሌሊት ያስተማረ ስም የለሽ ገበሬ ነበረው። ብቻውን ስንኝ የሚያወጣ አውራጅ አለው። ራስን ቀድሞ የሚያስጠይቅ ችሎት አለው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ምግባር የተሳሰሩ ናቸው፤ ከዚያ ምግባር ነው መቻቻሉም የተወለደው። ስለ እምነቱ ዋጋ የከፈለ ሰው የሌላው ሰው እምነትም ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ምንም ያልያዘ ሰው ግን የሚችለው ነገር የለም፤ የሚያደርገው ማለፍ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ተግባራዊ ሐሳቦች አሉኝ። አንደኛው ለሊቃውንቱ ነው፤ የሸህ ጦልሃና የዘመን አቻዎቻቸው መንዙማ በፊደል ተገልብጦ፣ ከአጀሚው ጎን ለጎን፣ ማብራሪያ ታክሎበት ለተማሪ ሊደርስ ይገባል፤ ዜማው ብቻ ሳይሆን ግሣጼውም። ከሚሴም ደሴም ያሉ ትምህርት ቤቶች አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ይህን እንደ ሌላ ሰው ቅርስ ከዳር ማየታቸው ማብቃት አለበት። ሁለተኛው ለሽማግሌዎቹ ነው፤ የሰላም ጉባኤ ሲጠራ የንግግሩ ተራ ይለወጥ። በሌላው ወገን ላይ ክስ ከመቅረቡ በፊት፣ ስለ ወንድማማችነትም ከመነገሩ በፊት፣ እያንዳንዱ ወገን ስለ ራሱ ልጆች ጥፋት የሚያውቀውን በራሱ አንደበት ያስቀድም። የከሚሴ ዙሪያ ሕዝብ ይህን ሥርዓት ከውጭ መማር አያስፈልገውም፤ በራሱ አውሊያ ደጅ ሲሠራበት ኖሯል። ይህን ያደረገ ጉባኤ መጀመሪያ ይከብደዋል፤ ሊፈርስም ይችላል። ያላደረገው ግን ከመጀመሪያውም አልተሰበሰበም።